አንድ ጊዜ ብቻ የምትጠይቅ አገር

የሐይቅ ዳር ሰፈር መረዳጃ እድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ ከግንቦት ወር ጀምሮ ደብዛው ጠፍቶ የነበረው ባለ ረጅም እጀታ የወጥ ጭልፋ፣ መለያ ቁጥር አሥራ አራት፣ በሰላም መገኘቱን ለመላው አባላቱ በታላቅ ክብር ያበስራል። ጭልፋው የተገኘው በድንኳን ቁጥር ሁለት እጥፋት ውስጥ ሲሆን፣ አንገቱ አካባቢ ከታየበት መጠነኛ መጣመም በቀር የደረሰበት ጉዳት የለም። ኮሚቴው በፍለጋው ለተባበሩ ሁሉ ምስጋናውን እያቀረበ፣ በጭልፋው ምክንያት እርስ በርስ የተጠራጠሩ አባላት ይቅር እንዲባባሉ ያሳስባል።

ልዩ ልዩ፤ የሰፈሩ የቦኖ ውሃ መስከረም ሠላሳ ቀን ላይከፈት ስለሚዘጋ፣ እድሩ ከዚያ በፊት የሚሄድበትን አገር መርጦ ያሳውቃል።

ማስታወቂያው በዚሁ አበቃ። ሰፈሩም ስለ ጭልፋው ሦስት ቀን ሙሉ አወራ።

ሐይቁ ከሸሸ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ስሙን ግን ይዞት አልሄደም። ሰዉም ቢሆን እንደሚሄድ ካወቀ ቆይቷል፤ ያላወቀው ወዴት እንደሆነ ነው። ድሮ ወደ ሰው አገር የሚኬደው ተለያይቶ፣ አንድ በአንድ ነበር። ባለሀብቶቹ አገሮች ኋላ እንደደረሱበት ግን፣ የእኛ ሰው ለብቻው ሲወሰድ ይተክዛል፤ የተከዘ ሠራተኛ ደግሞ ምርት ይቀንሳል። በእድሩ ተጠቅልሎ ከመጣ ግን እርስ በርሱ ይጽናናል፣ እርስ በርሱ ያስታምማል፣ ሲሞትም እርስ በርሱ ይቀባበራል፤ ድንኳኑንም ጭልፋውንም ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኑልን የሚለው ጥያቄ ለሰፈር በጅምላ ሆነ።

የቀሩት ምርጫዎች ሁለት ናቸው። ኦርሳን ሊቲየም አላት፤ ዳልቤራ መዳብ አላት። ሁለቱም ከመሬት በታች ሀብት የሞላቸው፣ ከመሬት በላይ ሰው ያለቀባቸው አገሮች ናቸው። በየዓመቱ የሚወጣው የአገሮች ማነጻጸሪያ ሦስት ዓምድ አለው፤ ለመኖር፣ ለመሥራት፣ ለመጎብኘት። ኦርሳን «ለመኖር» በሚለው ዓምድ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ አንደኛ ወጥታለች። ከስሟ ትይዩ ያለው ማብራሪያም አጭር ነው፤ «አንድ ነገር ጎደለኝ የሚል ነዋሪ አልተገኘም።»

ሁለቱን አይቶ እንዲመጣ የተመረጠው ጌጡ ነው። ጌጡ የሰፈሩ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት በየቤቱ እየዞረ ቁጥር ሲጽፍ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አራት ዓመት በየቤቱ እየዞረ ዜሮ ሲጽፍ የኖረ። ያየውን ብቻ በመጻፍ የተመሰከረለት ሰው ነው።

«ሃያ ቀን እዚያ፣ ሃያ ቀን እዚያኛው» አሉት የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቅአገኘሁ። «ሦስቱን ዓምድ ሞልተህ ትመጣለህ። ያየኸውን ተናገር፣ የሰማኸውን ተወው። ቅኔ እንዳትጨምርበት።»

«ኦርሳን እህቱ አለችለት እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ኑረዲን ከኋላ። «ይኼ ሊያይ ሳይሆን ሊደልብ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያ አንተ ሂዳ» አለው ጌጡ።

«እኔማ ብሄድ ማን ይላጫችኋል? ጎፈሬያችሁን ይዛችሁ ማን አገር ያስገባችኋል?»

የኑረዲን ቀልድ እውነት ነበረበት። የጌጡ ታላቅ እህት አስካለ ኦርሳን ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ሐይቁ ዓሣ በነበረው ዘመን ከወደቡ እስከ ገበያው የሚሰማ ድምፅ የነበራት ዓሣ ሻጭ ነበረች፤ ሰፈሩ ዋጋ የሚያውቀው በእሷ ጩኸት ነበር። በየወሩ የምትልከው መልእክት ግን አንድ ዓይነት ነው። «ደህና ነኝ። ምንም አልጎደለብኝም። ሰላም በሉልኝ።» ሰፈሩ ይህን እያነበበ ማነጻጸሪያውን አመነ።

ጌጡ ኦርሳን ሲያርፍ ጉሮሮው እንደ ሳጋቱራ ደርቆ ነበር። አዳራሹ ነጭ ነው፤ ከነጩ ግድግዳ ውስጥ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ ጥርት ባለ አማርኛ ተቀበለው። ነዋሪዎቹ ጠያቂዋ ይሏታል።

«እንኳን ደህና መጡ። ውሃ ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነኝ» አለ ጌጡ።

አለና ጠበቀ። በእኛ ደንብ የመጀመሪያው እምቢታ አፍ ማሟሻ ነው። ጋባዡ «ኧረ በሞቴ» ይላል፣ እንግዳው «አሁን ጠጥቼ ወጣሁ» ይላል፣ ጋባዡ ይቆጣል፣ እንግዳው ተሸንፎ ይጠጣል፤ ሁለቱም ክብራቸውን ይዘው ይለያያሉ። ግድግዳው ግን በሞቴ አላለም። አረንጓዴ በራና «እንግዳው ውሃ አያስፈልጋቸውም» ብሎ ጻፈ። ጌጡ ቀኝ እጁን ብርጭቆ ሊቀበል በግማሽ እንደዘረጋ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከኋላው የተሰለፉት ስለበዙ ግን እጁን ሰብስቦ አለፈ።

የአስካለ ክፍል ውስጥ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ኩባያና አንድ መስኮት አለ። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ ደጁ ላይ ከተዘረጋው የጨው ገበታ የሚነሣው ነጸብራቅ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ያነደዋል። ሊቲየም የሚዛቀው ከዚያ ገበታ ነው፤ አስካለም የምትሠራው እዚያው ነው። አስካለ ወንድሟን አቅፋ ስታበቃ በመዳፏ አፏን ሸፍና ሳቀች።

«ወንበር የለም እንዴ፣ እታለም?»

«ጠይቀውኝ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«የገባሁ ለት ነዋ። ሻንጣዬን እንኳ ከእጄ ሳላወርድ ወንበር ይፈልጋሉ ቢሉኝ፣ አዎ አምጡ ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የታለ?»

«ሰውማ መቼ ይጠፋል።»

የኦርሳን ሕግ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ነገር አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ እምቢ የተባለ ነገር ከነዋሪው ዝርዝር ላይ ይሰረዛል። አስካለ በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር፣ መጋረጃ፣ ሁለተኛ ብርድ ልብስ፣ የዕረፍት ቀንና ስኳር ተጠይቃ «አይ፣ ምን ቸገረኝ» ብላለች። በሁለተኛው ወር ሳል ሲጀምራት ጠያቂዋ «ሐኪም ይፈልጋሉ?» አለቻት። «ተይው እናቴ፣ ያልፋል» ብላ መለሰች። ሐኪም ተሰረዘ። ሳሉ አላለፈም። ጌጡ ከመዳፏ ጀርባ የፊት ጥርሶቿ እንደሌሉ ያየው በአራተኛው ቀን ነው፤ ጨው በሊታ ነው። ስለ ጥርስም ተጠይቃ ነበር።

«አሁን ብትጠይቂስ?»

«የተሰረዘ አይመለስም። ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው» አለች፤ ቀጥላም በኩራት፣ «እኔ አንደኛ ደረጃ ነዋሪ ነኝ። ፍላጎት የለሽ ይሉናል። በር ላይ ያለውን ኮከብ አላየኸውም?»

ኮከቡን አይቶታል። ጎብኚዎቹም የሚመጡት ኮከቡን ፈልገው ነው። «ለመጎብኘት» የሚለው ዓምድ ምን እንደሆነ ጌጡ የተረዳው ረቡዕ ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጦ ነው። ጣሪያው የመስታወት የሆነ አውቶቡስ መጣ። ከሌሎች ባለጠጋ አገሮች የመጡ፣ በራሳቸው ፍላጎት የተሰላቹ ሰዎች ወረዱ። አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ቤተ መቅደስ አስገባቸው። ምንም የማይፈልጉ ሰዎች እነዚህ ናቸው አላቸው። አንዲት ጎብኚ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ ለአስካለ ዘረጋችላት።

አስካለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለች። «አይ፣ የኔ እመቤት፣ ይቅርብኝ።»

ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ ሽማግሌ ዕንባውን ጠረገ። ብርቱካኑ ወደ ቦርሳው ተመለሰ፣ አውቶቡሱም ሄደ።

አስካለ አቧራው እስኪሰክን ቆመች። «እንዴት ያለ ሽታ ነው ያለው» አለች።

በየዓመቱ የሚደገም ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ በዓለም አቀፍ ውል የታዘዘ ስለሆነ ሊሰረዝ አይችልም። «ወደ አገርዎ መመለስ ይፈልጋሉ?» አዎ ያለ በሳምንቱ አውሮፕላን ላይ ይወጣል። የአስካለ ቀን የዋለው ጌጡ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ ነበር። ጌጡም ይዟት ሊመለስ ቆረጠ። ቢያንስ ውሃው እስኪዘጋ ከሰው መሃል ትሁን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እናያለን ብሎ ነው። በዋዜማው ከሥራ ስትመለስ ልምምድ ጀመሩ።

«እኔ ግድግዳው ነኝ» አለ ጌጡ። «ወደ አገርዎ መመለስ ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ እን…»

«እታለም!»

«ቆይ፣ አምልጦኝ ነው። እንደገና በለኝ።»

«ወደ አገርዎ መመለስ ይፈልጋሉ?»

«እንደው… ከተቻለ… ካልተቸገራችሁ…»

«እሱ እምቢ ነው የሚመዘገበው። አዎ በይ። አንድ ቃል።»

«አዎ ብቻ? እንደ ጉልቤ?»

«እንደ ጉልቤ። ዓሣ ስትሸጪ ጉልቤ አልነበርሽም?»

«እሱ ንግድ ነው» አለች፤ ሳሏ ያዛት። ሳሉ ሲለቃት ዘጠኝ ጊዜ ያህል አዎ አለች፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ጥሩ ነበሩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በኮሪደሩ ካሉት ነዋሪዎች ጋር ተሰለፈች። ከፊቷ የነበሩት አራት ሰዎች በየተራ «አይ፣ ተመስገን» ብለው አለፉ። ጠያቂዋ በዚያች ለስላሳ ድምፅ፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ እንደምን አደሩ? ስድስት ዓመት አብረን ነን። ወደ አገርዎ መመለስ ይፈልጋሉ?» አለቻት።

አስካለ አፏን ከፈተች። ኋላዋን አየች፣ ግድግዳውን አየች። ጌጡ ጥግ ላይ ሆኖ በከንፈሩ ቃሉን ሠራላት።

«ኧረ… ምን አድርጋችሁኝ ነው የምሄደው» አለች።

«ትፈልጋለች!» አለ ጌጡ ከጥግ።

«የእንግዳ መልስ አይመዘገብም» አለች ጠያቂዋ በትሕትና። «መልስ መስጠት የሚችለው በቤቱ የተመዘገበ ነዋሪ ነው። እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ አስካለ። የዛሬ ዓመት ያገናኘን።» አረንጓዴው በራ።

ወደ ክፍሏ ተመለሱ። ፍራሹ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ምን ነካሽ?»

«ያስጠለለን ሰው ፊት ለፊት እንዴት ልሂድ እላለሁ? ስድስት ዓመት አብረን ነን ስትለኝ ልቤ ራደ። አንተ ብትሆን ትላለህ?»

ጌጡ በአዳራሹ በግማሽ ዘርግቶት የነበረው እጁ ትዝ አለው።

«ሰፈር ስትገባ ስለ እኔ አንድ ቃል እንዳይወጣህ» አለች። «ወንበር የላትም፣ ጥርስ የላትም፣ ትስላለች እንዳትል። እኔ ከሰፈሩ ቀና ብዬ ነው የወጣሁት።»

«ደህና ናት ብዬ አልዋሽም።»

«ዝም በል አልኩህ እንጂ ዋሽ አልኩህ? ማል።»

«ተይ እንጂ እታለም።»

«ማል!»

«አስካለ ትሙት አልናገርም።»

«እንደሱ» አለችና ኩባያዋ ውስጥ የነበረችውን ውሃ አቀረበችለት። እምቢ አለ። በሞቴ አለችው። ጠጣ።

ጌጡ ከኦርሳን የወጣው በሃያኛው ቀን ነው። በመውጫው መስኮት በኩል አልፎ ሲሄድ ተመለሰና፣ ነዋሪ ሆኖ በእህት ቤት መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይቻላል ተባለ። «ከጥቅምት አንድ ጀምሮ መመዝገብ ይፈልጋሉ?» አለች ጠያቂዋ። ጌጡ ተወልዶ ካደገ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» አለ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆነበት። በዓመቱ ያን ጥያቄ ለእሷ የሚመልስ አንድ ሰው በቤቷ ይኖራል፤ ዓመቱን ሳሉ ከፈቀደላት።

ዳልቤራ ደግሞ የኦርሳንን ጉድለት አጥንታ የተነሣች አገር ናት። ግድግዳዋ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። «ብሉ እንጂ። ኧረ በሞቴ። አፈር ስሆን።» ጌጡ ሁለት ቀን ጠግቦ በላ፣ ወንበር ተሰጠው፣ ብርድ ልብስ ሁለት። የማይሞት ነገር በሞቴ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። «ለመሥራት» የሚለውን ዓምድ ሊሞላ የገባበት የመዳብ ፈረቃ ሲያልቅ ያው ድምፅ፣ «አንድ ፈረቃ ጨምሩ እንጂ» አለ። «አይ፣ ደክሞኛል» አለ ጌጡ። «ኧረ በሞቴ።» «እውነቴን ነው።» «እንዳላሳደግሁህ እምቢ ትላለህ፣ እኔን!» ጌጡ ጨመረ። ከጎኑ የሚሠራው መዝገቡ የሚባል የወሎ ሰው ቆሞ እያንቀላፋ ነበር።

«ስንት ፈረቃህ ነው?»

«አምስተኛዬ።»

«እምቢ አይባልም?»

«ሦስት ጊዜ በሞቴ ተብዬ? አሳዳጊ የበደለኝ አደረግኸኝ እኮ» አለ መዝገቡ፤ ዓይኑን አልገለጠም። በዚያ ሳምንት መዝገቡን ቆሞ እንዳለ ሞቶ አገኙትና አወጡት። ግድግዳው ለቀስተኞቹን ንፍሮ ሦስት ጊዜ ጋበዘ።

የእድሩ ስብሰባ ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት በድንኳን ቁጥር ሁለት ሥር ተደረገ። ሁለት መቶ አሥራ አራት አባወራ ነው የሚጠበቀው፤ የቀረ የለም። የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ፋንታዬ ከአገሮቹ መዝገብ ጋር የተያያዘውን ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

«በዳልቤራ እንጀምር» አሉ ጋሽ ወርቅአገኘሁ።

ጌጡ ስለ ዳልቤራ ያየውን ሁሉ ተናገረ። ስለ መዝገቡም ተናገረ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ፤ ዳልቤራ ቀረች።

«ኦርሳንስ? ለመኖር?»

 ኦርሳን ውስጥ የገባበት ቤት አንድ፣ አልናገርም ብሎ የማለበት የእህቱ ቤት ነው። እሱን ሳይናገር የሚናገረው ነገር ፈልጎ አጣ።

«አይሆንም» አለ።

«ለመሥራት?»

«አይሆንም።»

«ለመጎብኘት?»

«ለሚጎበኘውማ ጥሩ ነው።»

«አስካለ እንዴት ናት?» አሉ አንዲት አሮጊት ከመሃል።

ጌጡ እግሩ ሥር ያለውን ጠጠር አየ። «ሰላም በሉ ብላለች።»

«ይኸው!» አለ ኑረዲን። «ሴትዮዋ ሰላም ናት። ማነጻጸሪያው አንደኛ ይላል። ይኼ ምን ቤት ነው አይሆንም የሚለው?»

«ከሄዳችሁ ግን» አለ ጌጡ። «ከሄዳችሁ፣ ስትጠየቁ አዎ በሉ። ወንበር ይፈልጋሉ ሲሏችሁ አዎ። ሐኪም ሲሏችሁ አዎ። ወዲያው በሉ፤ ሁለተኛ አትጠየቁም።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። «በሰው አገር ገና እግራችን ሳይረግጥ ወንበር አምጡ ልንል ነው?» አሉ አሮጊቷ። «ማን ያሳደጋቸው ይበሉን?»

«ውሃም አዎ በሉ» አለ ጌጡ።

«ጌጡ ሆዱ ሲሰፋ ሰፈሩን ሁሉ ሆዳም ሊያደርግ ነው» አለ ኑረዲን፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ፋንታዬ ከሰሌዳዋ ላይ ቀና አለች። የአባላቱን ስም ዝርዝር ለድምፅ ስታዘጋጅ አንድ ስም ላይ ደርሳለች።

«ጋሽ ወርቅአገኘሁ» አለች። «ጌጡ ከዚህ ዝርዝር ተሰርዟል። ኦርሳን ተመዝግቧል። ከጥቅምት አንድ ጀምሮ ነዋሪ ነው ይላል።»

ሳቁ ቆመ። 

«አንተ ሌባ» አለ ኑረዲን ቀስ ብሎ። ሳይቀልድ ሲናገር ጌጡ ሰምቶት አያውቅም። «ጥሩውን ለራስህ ይዘህ ለእኛ አይሆንም ትላለህ?»

«እድር ጥሎ መሄድ» አሉ አሮጊቷ። «ማን ሊቀብረው ነው?»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ እጃቸውን አነሡና ጸጥ አሰኙ። እሳቸው ጌጡን ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ስለዚህ ጊዜ ሰጡት። «ልጄ፣ ተመዝግበሃል?»

«አዎ ጋሼ።»

«በፈቃድህ?»

«በፈቃዴ።»

«ለእኛስ?»

«ለእናንተ አይሆንም።»

«አንድ አገር ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ለጎረቤቱ የማይሆንበት ምክንያት ምንድነው? ንገረንና እንመንህ። እኔ ላምንህ እፈልጋለሁ።»

 ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ጠበቁት። ከዚያ ኑረዲን «ኦርሳን የሚል እጁን ያውጣ!» አለ፤ ዳኛው ሳይፈቅዱ እጅ መውጣት ጀመረ፤ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄደ ድንኳኑን ሞላው። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ብቻ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ጌጡን ያዩታል።

ወይዘሮ ፋንታዬ ጣቷን ሰሌዳው ላይ ሰቅላ ወደ ጌጡ ዞረችና፣ «የተቃወመበት ምክንያት የሚል ቦታ አለ፤ ባዶ አይታለፍም» አለች። «ምን ልበል?»

«ምክንያት አለኝ» አለ ጌጡ።

«እኮ ምን?»

«አልናገርም።»